አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ምክንያት፦ አልነሳም ያለው ኮምፒውተሬ

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሰኔ ሲገባ ቤቷ በተማሪ ትሞላለች። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስተካክላል፣ ሌላው ማውጫ ያሠራል፣ ሌላው አስጠርዞ ለማስገባት ይጣደፋል። ባለፈው ሰኔ፣ ሥራው በተደራረበበት ሳምንት፣ ዋናው ኮምፒውተሬ ሁለት ጊዜ አልነሳም አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር። ምክንያቱ ግን ለየቅል ሆኖ ተገኘ።

በእኛ ሰፈር ኮምፒውተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ፎርማት አድርጊው» ነው። እኔም ይህን ስሰማና ስከፍልበት ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ተማሪ ላፕቶፗ ፎርማት ተደርጎ የስምንት ወር ሥራዋ ጠፍቶባት፣ እዚሁ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ ከዓይኔ አትጠፋም። ላፕቶፗ ምን እንደነካው ማንም ቀረብ ብሎ አላየላትም ነበር። ያለፍኩበትን በዝርዝር የምጽፈው ለእንደ እሷ ዓይነቱ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው በደግ ሐሳብ ነው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛው ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው። ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል። ያዘገመው ሃርድ ዲስኩ ነበር። ጠዋት አብርቼው ቤቱን ጠርጌ ስጨርስ ነበር ለሥራ የሚዘጋጀው። ስለዚህ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ፣ ባለ 256 ጊጋ ባይቱን ገዛሁ። ኤስኤስዲ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፍጥነቱ ከሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ዕቃውን የገጠመልኝ ባለሙያ ዊንዶውስ 10 ጫነበት። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ደግሞ «ለፋይል ማስቀመጫ ይሁንሽ» ብሎ እዚያው ተወው። ዊንዶውስ 11 ለምን አልተጫነም የሚል ይኖራል። ማይክሮሶፍት በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፤ የእኔ አይደርስም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሚጭን ሰው ይህንንም ያስብበት። ኡቡንቱን የመሰሉ ነፃ ሲስተሞች በአሮጌ ማሽን ላይ ደህና ይሠራሉ።

ሁለት ቀን በደንብ ሠራ። ቅዳሜ ማታ ቤቱን ስዘጋ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የደንበኞቼ ፋይል በሙሉ ያለው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩም አርጅቷል፤ አንዳንዴ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ቤት ወስጄ ላስቀምጠው ብዬ ኬዙን ከፈትኩ፣ ገመዶቹን ነቀልኩ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አበራሁት። የአምራቹ ምልክት መጣ፣ ሄደ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፦ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ ፋውንድ»። የምነሳበት ዕቃ አላገኘሁም ማለቱ ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው። በር ላይ ሦስት ተማሪዎች ቆመዋል። አንደኛው «እህት፣ የእኔ ጽሑፍ አለ አይደል?» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም። «አለ፣ አይዞህ» አልኩት። ሃርድ ዲስኩ ቤቴ ስለነበር ያን ያህል አውቅ ነበር።

ወንድሜ የምለው የአክስቴ ልጅ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ደወልኩለት።

«አልነሳም አለ» አልኩት።

«እሱ አይበቃኝም። ምን ይላል? ቃል በቃል አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት መጨረሻ የነካሽው ነገር ምንድን ነው?»

ሃርድ ዲስኩን እንዳወጣሁት ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ሂጂና አምጪው። መልሰሽ ሰኪው። ሌላ ምንም እንዳትነኪ» አለኝ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች፣ ምን ይላል እና መጨረሻ ምን ነካሽ፣ ከዚያ ወዲህ የእኔም ጥያቄዎች ሆነዋል። ላፕቶፕ ተሸክሞ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው እነሱን ነው።

ፈረንሳይ ሰፈር ነው የምኖረው። በታክሲ ሄጄ ዲስኩን ይዤ ተመለስኩ። ኬብሉን ሰካሁ፣ አበራሁ። ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ያውም አዲሱ፣ ኤስኤስዲው ላይ የተጫነው ዊንዶውስ። አሮጌው ዲስክ ሲኖር የሚነሳ፣ ሳይኖር የማይነሳ ሆነ ማለት ነው። ለእኔ ምሥጢር ነበር። ወንድሜ ግን በስልክ «አሁን ገባኝ» አለ።

ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ በቀጥታ አይመጣም። መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የምንለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን ይፈትሻል። ከዚያ ከዲስኮቹ አንዱ ላይ ማስነሻ ፋይሎችን ይፈልጋል። ማስነሻ ፋይሎቹ ዊንዶውስ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ እነሱ ናቸው የሚጠሩት። በዱላ ቅብብል እንደሚሮጡ ሰዎች ነው፤ አንዱ ዱላውን ካላቀበለ ቀጣዩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አይሮጥም።

ይህን ካወቃችሁ ስክሪኑ የት ጋ እንደቆመ ማየት ትችላላችሁ። የአምራቹ ምልክት ራሱ ካልመጣ፣ ወይም ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ካለ፣ ችግሩ ዕቃው ላይ ነው፦ ራም፣ ኃይል ማከፋፈያ፣ ኬብል። ዊንዶውስን መቶ ጊዜ ብትጭኑት አይረዳም። ምልክቱ መጥቶ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ካለ ባዮሱ ማስነሻ ፋይሎቹን አላገኘም። የዊንዶውስ ምልክት መጥቶ፣ ነጠብጣቦቹ መዞር ጀምረው፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ደግሞ ዱላው ዊንዶውስ ዘንድ ደርሷል፤ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ፎርማት ለሦስቱም መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

የእኔው ጉዳይ እንዲህ ነበር። ባለሙያው ዊንዶውስን ኤስኤስዲው ላይ ሲጭን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አልነቀለውም። የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ቀድሞ የተዘጋጀ የማስነሻ ክፍል ካገኘ ብዙ ጊዜ እሱኑ ይጠቀማል። ስለዚህ ዊንዶውሱ አዲሱ ዲስክ ላይ፣ ማስነሻ ፋይሎቹ አሮጌው ዲስክ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ አንድ ቦታ፣ ቁልፉ ሌላ ቦታ። ቅዳሜ ማታ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት ቁልፉን ነበር።

በዓይኔም አየሁት። የዊንዶውስ ቁልፍን ከኤክስ ጋር ተጭናችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ። ዲስኮቹ ከነክፍሎቻቸው ተደርድረው ይታያሉ። አሮጌው ዲስክ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል «ሲስተም» እና «አክቲቭ» የሚል ተጽፎባታል። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለው ሲ ደግሞ «ቡት» ይላል። ስያሜው ያደናግራል። በማይክሮሶፍት አጠራር «ሲስተም» የሚባለው ማስነሻ ፋይሎቹ ያሉበት ነው፤ «ቡት» የሚባለው ዊንዶውስ ራሱ ያለበት። ሁለቱ ቃላት የተለያየ ዲስክ ላይ ከታዩ፣ አንዱን ዲስክ ስታወጡ ማሽኑ አይነሳም። ዲስክ ያስጨመራችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለዚያ ቀን ዲስኩን እዚያው ተውኩት፤ የተማሪዎቹ ሥራ መውጣት ነበረበት። እንዲሁ ልቀጥል ብዬም አስቤ ነበር። ወንድሜ ግን አልተስማማም። «ያ ዲስክ የሞተ ቀን አዲሱም አብሮ ይቆማል» አለኝ። ልክ ነው። ሊሞት የቀረበ ዲስክ ላይ መደገፍ አያዋጣም።

ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ዊንዶውሱን ሳይነኩ ማስነሻ ፋይሎቹን ብቻ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ነው። ለዚህ «ቢሲዲቡት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከመጫኛ ፍላሹ ተነስታችሁ፣ ጥገና የሚለው ውስጥ ገብታችሁ፣ ከትእዛዝ መስጫው ጥቁር መስኮት ላይ ይሠራል። ኤስኤስዲው ላይ ፕሮግራሙና ፋይሉ ሁሉ የተደራጀ ሰው ይህን ይምረጥ። ባለሙያ የምታሠሩም ከሆነ «ማስነሻውን ብቻ አስተካክልልኝ» በሉት፤ ማስነሻ ብቻውን እንደሚጠገን ማወቃችሁ ራሱ ከብዙ ኪሳራ ያድናችኋል። ሁለተኛው መንገድ አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ እንደገና መጫን ነው። የእኔ ኤስኤስዲ የአራት ቀን ዕድሜ ብቻ ስለነበረው፣ ምንም የሚጠፋ ነገርም ስላልነበረበት፣ ሁለተኛውን መረጥን።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወንድሜ የመጫኛ ፍላሽ ይዞ መጣ። ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው ያዘጋጀው። ባለ 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለና ቆም ብዬ ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር የሚነሳበት ሁለት ዓይነት ሥርዓት አለ። የድሮው ሌጋሲ ይባላል፤ አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ዲስክም የሚከፋፈልበት ሁለት መንገድ አለ። የድሮው ኤምቢአር ነው፤ ከ2 ቴራ ባይት ብዙ ያልበለጠ ዲስክ ብቻ ነው በሙሉ የሚያስተዳድረው፣ ከአራት በላይ ዋና ክፍልም አይቀበልም። አዲሱ ጂፒቲ ነው። ለዊንዶውስ ጥንዶቹ የታወቁ ናቸው፦ ሌጋሲ ከኤምቢአር ጋር፣ ዩኢኤፍአይ ከጂፒቲ ጋር። ሲዛነቁ ወይ መጫን አይቻልም፣ ወይ ተጭኖ አይነሳም። «ተጭኗል ግን አይነሳም» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሩፈስ ላይ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ይላል። ጂፒቲንና ዩኢኤፍአይን መረጠ። ከዚያ የእኔ ማሽን ባዮስ ውስጥ ገብቶ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ቀየረው። መግቢያው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ነው። ለአዳዲስ ላፕቶፕ ባለቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲስካችሁ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስትነኩ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። እሱን በእጃችሁ ሳትይዙ ምንም አትንኩ።

ማሽኑን እንደገና ሲያበራና ከምን እንደሚነሳ መምረጫውን ሲያመጣ ዝርዝሩን አሳየኝ። ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፎ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከስሙ ፊት «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። አንድ ስለሆኑ የትኛውንም መምረጥ የሚቻል ይመስላል። አይቻልም። የመረጣችሁት መስመር ነው ዊንዶውስ በየትኛው ሥርዓት እንደሚጫን የሚወስነው። ፊቱ ዩኢኤፍአይ የተጻፈበትን ምረጡ።

መጫኛው ገፋና ዲስክ ምረጡ ከሚለው ጋ ቆመ። ዊንዶውስ እዚህ ዲስክ ላይ ሊጫን አይችልም፣ ዲስኩ ኤምቢአር ነው አለ። በሰኞው ልቤ ቢሆን ኖሮ ኤስኤስዲው ተበላሸ ብዬ ነበር የምመልሰው። ነገሩ ግን ያው የጥንዶቹ ጉዳይ ነው፤ የቀድሞው አጫጫን ዲስኩን በድሮው መንገድ ከፋፍሎት ነበር። ሺፍትን ከኤፍ 10 ጋር ሲጫን ጥቁር መስኮት ተከፈተ። «ዲስክፓርት» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ «ሊስት ዲስክ»። ያሉት ዲስኮች ዝርዝር ከነመጠናቸው መጣ። እዚህ ላይ እጁን ከኪቦርዱ አነሳና «አንቺ አንብቢው፣ የትኛው ነው የአንቺ?» አለኝ። ኤስኤስዲው በ230ዎቹ ጊጋ ባይት፣ ፍላሹ በ7 ጊጋ ባይት አካባቢ ተጽፏል። ሃርድ ዲስኩ የለም፤ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኤስኤስዲውን መርጦ «ክሊን»፣ ቀጥሎም «ኮንቨርት ጂፒቲ» ያለው።

«ክሊን» የምትለዋ ቃል አምስት ፊደል በእንግሊዝኛ ናት። እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ አትጠይቅም። የተመረጠውን ዲስክ ክፍሎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ታጠፋለች። የተሳሳተ ዲስክ ተመርጦ ቢሆን የተማሪዎቼ ጽሑፍ ሁሉ በዚያች ቅጽበት አልቆለት ነበር። ለዚህ ነው አሮጌው ዲስክ መነቀል ያለበት። ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ ሲሠራም ፋይል ያለበትን ዲስክ ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙት። ሊከፋው አይገባም።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ዊንዶውስ ተጭኖ አለቀ። ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍቼ አየሁ። 100 ሜጋ ባይት የሆነችው የማስነሻ ክፍል አሁን እዚያው ኤስኤስዲ ላይ ናት። ቤቱም ቁልፉም አንድ ላይ ሆኑ። ሦስት ጊዜ አጥፍተን አበራነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተነሳ።

አንድ ነገር ግን ረስተን ነበር፤ ፎንት። አንድ የቆየ ደንበኛዬ የውል ሰነዱን ሲያስከፍተኝ ገጹ በሙሉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ መጣ። ሰነዱ አልተበላሸም። በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛችን የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ግዕዙን በሚስሉ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አሮጌው ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደር ከፍቼ ቀዳሁትና ሰነዱ ተስተካከለ። እናንተ ግን ከመጫናችሁ በፊት ቅዱት። ዲስኩ ከጠፋ እንዲህ ያለ አሮጌ ፎንት ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ረቡዕ ጠዋት ቤቱን ከፈትኩ፣ ስታብላይዘሩን አበራሁ፣ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫንኩ። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ ፋውንድ።»

እውነቱን ለመናገር እግሬ ከዳኝ። ትናንት የለፋነው ሁሉ ውኃ በላው አልኩ። ስልኬን አንስቼ «ያው ነው፣ ተመልሶ መጣ» አልኩት። «ያው መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለኝ። «ጽሑፉ አንድ ነው።» «ከጽሑፉ በፊት ሌላ ምንም አላለም?»

ብሏል። ስክሪኑ መጀመሪያ ሰዓትና ቀን አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ የሚል ነገር ጽፎ ነበር። እኔም ተጭኜ አልፌዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ከፋሲካ ጀምሮ በየጠዋቱ አየዋለሁ። በየጠዋቱ ኤፍ 1 እጫናለሁ፣ ዊንዶውስ ይነሳል፣ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ከ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ዛሬ አስተካክላለሁ። ካላስተካከልኩት ኢሜይል አይከፈትም፤ ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ከጊዜ ብዛት ለመድኩት። ለሁለት ወር ያህል ማሽኑ በየቀኑ አሞኛል ሲለኝ ቁልፍ እየተጫንኩ አልፌዋለሁ።

«ባትሪው ነው» አለ ወንድሜ ወዲያው።

ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ያለች ክብ ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምትይዘው እሷ ናት። ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ከሶኬቱ በሚመጣ ትንሽ ኃይል ምርጫዎቹ ይቆያሉ። እኔ ግን ማታ ማታ ለእሳት አደጋ ፈርቼ ስታብላይዘሩን ከግድግዳው አጠፋለሁ። ባትሪዋ ደክማ ስለነበር ሌሊቱን ሁሉ ነገር ይረሳል፤ ጠዋት ባዮሱ ከፋብሪካ ወደወጣበት ምርጫ ይመለሳል። የእኔ ማሽን ከፋብሪካ የወጣው ሌጋሲ ላይ ሆኖ ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። የድሮው ዊንዶውስ በሌጋሲ የተጫነ ስለነበር ባዮሱ በየሌሊቱ ወደ ሌጋሲ ቢመለስም ይነሳ ነበር፤ የሚበላሸው ሰዓቱ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ወደ ዩኢኤፍአይ ስንቀይረው ግን ባትሪዋ ያንን ምርጫ እስከ ጠዋት መያዝ አቃታት። ማክሰኞ ሦስት ጊዜ አጥፍተን ስናበራ የተነሳውም ስታብላይዘሩ ስላልጠፋ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ወደ ዩኢኤፍአይ መለስኩት፤ ወዲያው ተነሳ። ኤስኤስዲው ላይ ያለው ሥራ አንድም አልተነካም። «ፎርማት አድርጊው» የሚል ሰው ያን ጠዋት አጠገቤ ቢኖር አደርገው ነበር። ለአንድ ቀን ይሠራል፤ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ያው ጽሑፍ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ባትሪ ሲሞት ሁልጊዜ ምልክቱ ይህ አይደለም። አንዳንድ ማሽን ላይ የሚለወጠው ዲስኩ የሚነበብበት ምርጫ ነው፤ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም በተቃራኒው። ያን ጊዜ የዊንዶውስ ምልክት ይመጣና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ዲስኩ የተቃጠለ ይመስላል። ባዮስ ውስጥ ሳታ የሚለውን ይህንኑ የዲስክ ምርጫ ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃል። ሰዓቱ የተሳሳተ መሆኑን ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ባትሪዋን ፍለጋ ኮምፒውተር ቤት አልሄድኩም። ቀድሞ ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ወደ እኛ አካባቢ የመጡ አንድ ሰዓት ሠሪ አሉ። አሮጌዋን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በመለኪያቸው ሁለት ጫፍ ነኳት። «2.1 ቮልት። ይቺ አልቃለች፣ ልጄ። 3 መሆን ነበረባት።» ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር በጥፍራቸው አሳዩኝ፤ 2032። «20 ስፋቷ ነው፣ በሚሊሜትር። 32 ውፍረቷ፣ 3.2። 2025 ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ፤ ስፋቷ አንድ ነው፣ ግን ትቀጥናለች፣ ቦታው ላይ ትላላለች።»

«እኔኮ ለኮምፒውተር ብቻ የምትሠራ መስላኝ ነበር፣ ጋሼ።»

«ለሰዓትም ናት፣ ለመኪና ሪሞትም ናት። እንዲያውም ለሰዓቱ አይደል የፈለግሻት?»

የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

መቀየሩን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫንኩ፤ ውስጥ የቀረ ኃይል ካለ እንዲወጣ ነው። በካቻቪቴ ኬዙን ፈታሁ። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍሬ ገፋ ሳደርግ አሮጌዋ ብቅ አለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁ፤ ቀጭ አለች። ዘጋሁት። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ቀኑን ሞላሁ፣ ዩኢኤፍአይ መሆኑን አረጋገጥኩ፣ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ።

ያን ዕለት ማታ ስታብላይዘሩን ሆን ብዬ አጠፋሁት። ሐሙስ ጠዋት ገና ቤቱን ሳልጠርግ መጀመሪያ ያደረግኩት ማብራት ነው። ኤፍ 1 ተጫኚ አላለኝም። ቀኑ ልክ ነው፣ ሰዓቱም ልክ ነው። ያ ሰኞ ጠዋት በር ላይ የደነገጠው ተማሪ 4 ሰዓት ላይ መጥቶ 112 ገጹን በሁለት ቅጂ አሳተመ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አሁን ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ኬዙ ላይ ደግሞ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ባትሪዋ የተቀየረችበትን ቀንና የተጫነበትን ሥርዓት በማርከር ጽፌበታለሁ፦ ሰኔ 18፣ ዩኢኤፍአይ።